የሚፈለጉት ሌላ፣ ያየኋቸው ሌላ

ዘንድሮ ሰው ማመን ከባድ ሆኗል። እርስዎም ቢሆኑ፣ የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ ፈገግ ብሎ ሰላም ሲልዎ መጀመሪያ የሚዳብሱት ኪስዎን ነው። «እኔ እንኳ እንደዚያ አላደርግም» ካሉ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎንም እጠረጥርዎታለሁ።

በቀደም ቦንጋ መናኸሪያ ወደ ዋጫ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉኝ። ጸጉራቸው የተበጠረ፣ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተወለወለ።

«ልጄ፣ ደካ የሚሄደው መኪና የቱ ነው? እናቴ ትጠብቀኛለች።»

ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረበ ሰው እናት! አዲስ የማታለያ ዘዴ መጣ አልኩ በሆዴ። «አላውቅም፣ አባባ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። አመስግነውኝ ሄዱ። ምስጋናቸው ራሱ አጠራጠረኝ።

ብዙም ሳይቆይ ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ «አእምሯቸው የታወከ አዛውንት ጠፍተዋል!» እያለች መጣች። መናኸሪያው በሙሉ ልብሱ የተቀደደ፣ ብቻውን የሚለፈልፍ ሰው ፍለጋ ዓይኑን አንከራተተ። እኔም ጭምር። ከባጃጇ ኋላ አንዲት ሴት ስልኳ ላይ ያለ ፎቶ እያሳየች እኔ ዘንድ ደረሰች። ያው የተተኮሰ ኮት!

«አይቻቸዋለሁ» አልኳት።

«ወዴት ሄዱ?»

«እ... አላየሁም። አጭበርባሪ መስለውኝ ነበር።»

ትጮህብኛለች ብዬ ስሸማቀቅ፣ እሷ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። ወይንሸት ትባላለች፣ አስተማሪ ናት፤ ሽማግሌው አባቷ ናቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሕመማቸው መርሳት ነው። የታወከ ሲባል ማን እሳቸውን ይጠረጥራል?»

ባጃጇን አስቁመን ማስታወቂያውን እንደገና ጻፍነው። ንጹሕ ለብሰዋል፤ በትህትና ያናግራሉ፤ ደካ እናታቸው ጋ እንደሚሄዱ ይናገራሉ፤ እባካችሁ ወንበር ሰጥታችሁ አቆዩልንና ደውሉልን። አንድ ዙር ሳንጨርስ የወይንሸት ስልክ ጮኸ።

ከከተማው መውጫ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘናቸው። የሻይ ቤቷ ባለቤት እትዬ አስካለ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ከእሳቸው ጋር ሆና ሰምታለች። ለጠፋው ሰው አብረው ከንፈር መጥጠዋል።

ወይንሸት አባቷን አቅፋ ስታለቅስ፣ እኔ እፎይ ብዬ ቆሜ አያቸዋለሁ። ሽማግሌው ገልመጥ አድርገውኝ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ቶሎ እንሂድ። የዚያ ሰውዬ ዓይን አላማረኝም።»