አያ ይርጋን በሚዲያ ባለሙያ ስለመተካት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የወፍጮ ማዶ ሰፈር መረዳጃ ዕድር፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ

ቀን፦ እሑድ የካቲት 24 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ።

ቦታ፦ ደብረ ታቦር፣ የሰብሳቢው የአቶ ፈንታሁን ሳሎን። የዕድሩ አዳራሽ ባዶ ሆኖ ሳለ ስብሰባው እዚህ የተጠራው ለቅበላ የሚታረደው ሙክት የታሰረው እዚህ ግቢ ስለሆነ ነው።

ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡25 ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ፈንታሁን፣ ሰብሳቢ
2. አቶ እሸቴ፣ ገንዘብ ያዥ
3. እትዬ ውዴ፣ የንብረት ኃላፊ
4. አቶ ውባንተ፣ አባል (በጋቢያቸው)
5. ዓይናለም፣ ጸሐፊ፤ በደንቡ መሠረት ድምፅ የማትሰጥና አስተያየት የማትናገር

ያለ ፈቃድ የቀሩ፦ አቶ ሞላ፣ አባል፣ ጎማ ጠጋኝ።

በጥሪ የተገኙ፦ አያ ይርጋ፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ፤ እንዲሁም ታሪኩ፣ የሰብሳቢው የእህት ልጅ።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ ስብሰባ የሚጸናው ድምፅ ያላቸው አራት አባላት ሲገኙ ነው። የተገኙት ሦስት ናቸው። አቶ ውባንተ ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ከወረዱ ሁለት ሳምንት ቢሆናቸውም ባለፈው ስብሰባ እዚሁ ሳሎን የረሱት ጋቢ ወንበራቸው ላይ መኖሩን አቶ እሸቴ አመለከቱ። ሰብሳቢውም ጋቢው ካለ ባለቤቱ አለ ማለት ነው ብለው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አበሠሩ። እትዬ ውዴ ጋቢው እጅ ያወጣ እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄው አጀንዳ ስላልተያዘለት ታለፈ።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሊከፍቱ ሲሉ አያ ይርጋ በሩ ሥር ቆመው እጃቸውን አወጡ። አስቸኳይ ነገር ይዘው እንደመጡ ተናግረው ጥሩምባው አሁኑኑ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ጥሩምባው ትናንት በሰብሳቢው ትእዛዝ ከእጃቸው ተወስዶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከአረቄው ጠርሙስ ጎን ተቀምጧል። ሰብሳቢው አስቸኳይ ነገር ላለው ሰው ሁሉ ልዩ ልዩ የሚባል አጀንዳ መኖሩን ገልጸው እንዲጠብቁ አዘዙ። አያ ይርጋ መቀመጫ ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ አቶ ሞላ መቅረት

ሰብሳቢው አቶ ሞላ በዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ስብሰባ ቀርተው እንደማያውቁ አስታውሰው፣ ዛሬ መቅረታቸው ንቀት መሆኑን ገለጹ። አቶ እሸቴም ሐሙስ ገበያ ላይ አግኝተዋቸው «የሬሳ ብር ለጉራ አይወጣም» እንዳሏቸው መሰከሩ። በዚህም አቶ ሞላ የቀሩት ጥሩምባ ነፊውን በሚዲያ ባለሙያ የመተካቱን ጉዳይ ለማደናቀፍ መሆኑ ተረጋገጠ።

አያ ይርጋ ለሁለተኛ ጊዜ እጃቸውን አውጥተው ነገሩ ስለ ሞላ መሆኑን ተናገሩ። ሰብሳቢው የቀረ ሰው ጠበቃ እንደማይልክ አስገነዘቧቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ አቶ ሞላ ሃምሳ ብር እንዲቀጡና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ (እትዬ ውዴ) እና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ጋቢው) ተወሰነ። ደብዳቤውን አያ ይርጋ እንዲያደርሱ ታዘዙ። አያ ይርጋ ደብዳቤው እንደማይደርሰው ሲናገሩ ትእዛዝ ባለመቀበል ተመዘገቡ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ታሪኩ የሚዲያ ትምህርት ክፍያ

ሰብሳቢው ዘመኑ የመረጃ ዘመን መሆኑን ለሃያ ደቂቃ አብራሩ። ከዚያም ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከሥጋ ቤቱ በላይ ያለው የሚዲያ ማሠልጠኛ የበተነው ወረቀት ተነበበ። ወረቀቱ በሦስት ወር ዜና አንባቢ፣ ጋዜጠኛና የመድረክ መሪ እንደሚያደርግ፣ «ከተመረቁ በኋላ ሥራ ራሱ እርስዎን ይፈልግዎታል» እንደሚልም ተሰማ። ክፍያው ዕድሩ ለሦስት ቀብር ከሚያወጣው ይበልጣል። ታሪኩ ትምህርቱን በዱቤ ጀምሮ ሁለተኛ ወሩን ስለያዘ ዕድሩ ዕዳውን እንዲከፍልለትና በአያ ይርጋ ምትክ እንዲቀጥረው ሰብሳቢው ሐሳብ አቀረቡ። ዝምድናው በውሳኔያቸው ላይ አንዳች ተጽዕኖ እንደሌለው ሳይጠየቁ አስረዱ።

አቶ እሸቴ ምን እንደሚማሩ ጠየቁ። ታሪኩ በመጀመሪያው ወር ድምፅ ማሞቅ፣ በሁለተኛው ካሜራ ፊት መቆም፣ በሦስተኛው የምረቃ ዝግጅት መሆኑን መለሰ። ተማሪው አርባ፣ ካሜራው አንድ መሆኑን፣ የካሜራው ባትሪም ለጊዜው ባለቤቱ ኪስ ውስጥ እንደሚገኝ ሲጠየቅ አመነ።

በዚህ ጊዜ አቶ እሸቴ በብርቱ ተቃወሙ። ይፋግ የሚኖሩ አማቻቸው በሬ ሸጠው ልጃቸውን እንዲህ ያለ ቤት እንዳስተማሩ፣ ልጁ ዛሬ ሰርግ ቤት እየዞረ ሙሽራን «ምን ተሰማሽ?» እያለ እንደሚጠይቅ፣ ሙሽሮቹ መልስ እንደማይሰጡት፣ በሬውም እንዳልተመለሰ ገለጹ። ሰብሳቢው ጥፋቱ የሙሽሮቹ መሆኑን አስረዱ። አያይዘውም የሚዲያ ዘርፉ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሰፊ ቃለ ምልልስ፣ ከነፎቶግራፉ፣ ከገንዘብ ያዡ ጋር እንደሚሆን ገለጹ። አቶ እሸቴ ክራባት ያስፈልግ እንደሆነ ከጠየቁ በኋላ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የትምህርት ጠላት ሆነው እንደማያውቁ እንዲመዘገብላቸው አሳሰቡ። ተመዝግቧል።

እትዬ ውዴ የሳጥኑ ብር የደሃ መቅበሪያ መሆኑን፣ እገሌ ሞተ ለማለት ሦስት ወር መማር ለምን እንዳስፈለገ፣ ሞትስ ምን ማብራሪያ እንዳለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው የአመለካከት ችግር እንዳለበት ገልጸው አለፉት።

ጸሐፊዋ ከኩዌት በተመለሰች በሁለተኛው ወር፣ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስትፈትግ ካጠራቀመችው ላይ ከፍላ፣ ከዚሁ ማሠልጠኛ በአንደኛነት መመረቋን፣ ሥራም እስከ ዛሬ እየፈለጋት አለመሆኑን የጠየቀ ስላልነበረ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዕድሩ ክፍያውን በሙሉ እንዲሸፍን፣ ታሪኩም የዕድሩ የሚዲያ ዘርፍ ኃላፊ እንዲባል በተመሳሳይ ድምፅ ተወሰነ። ዘርፉ ከኃላፊው በቀር ሌላ ሰው የለውም።

አጀንዳ ሦስት፦ አያ ይርጋን ስለማሰናበት

አያ ይርጋ ዕድሩን ሃያ ሰባት ዓመት አገልግለዋል። የቀረበባቸው ክስ አዋጅ ማሳጠር ነው። የሰብሳቢው አማት ባረፉ ጊዜ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው፣ ሟቿ የማን አማት እንደሆኑ እንኳ ሳይገልጹ መቅረታቸውን ሰብሳቢው በምሬት አስታወሱ። ጥሩምባውም አንገቱ ላይ አቶ ሞላ በቆርቆሮና በጎማ ሙጫ የለጠፉት ጥጋን ያለው፣ ለዕድሩ ገጽታ የማይመጥን መሆኑ ታየ።

አያ ይርጋ መልስ እንዲሰጡ ሲጠየቁ፣ ስለ ራሳቸው የሚሉት እንደሌለ፣ የፈለጉት ልዩ ልዩው መድረሱን ማወቅ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ሰብሳቢው ትዕግሥት እንዲማሩ መከሯቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ አያ ይርጋ በክብር እንዲሰናበቱ፣ የምስጋና ወረቀት እንዲጻፍላቸው፣ የወረቀቱን ፍሬም ራሳቸው እንዲገዙ ተወሰነ። ጥሩምባው በሞዴል 19 ለንብረት ክፍል ገቢ ሆነ። እትዬ ውዴ ደረሰኙን እያጉረመረሙ ፈረሙ።

6፡00 ላይ ዱለቱ ደረሰ ስለተባለ ስብሰባው ለአርባ ደቂቃ ተቋረጠ። አያ ይርጋና እትዬ ውዴ አልበሉም። ጸሐፊዋ በልታለች፤ ዛሬ ከሠራችው ሁሉ ይህን ትጸጸትበታለች።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

አያ ይርጋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ማኘኩ እስኪያበቃ ጠበቁ። ቀጥሎ ያለው ቃል በቃል የተወሰደ ነው፦ «ሞላ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ዐርፏል። ወርቅነሽ ‹ባሌ ጥሩምባ ሳይነፋለት አላለቅስም› ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣለች። እናንተ ስትበሉም እንደዚያው ነበረች።»

ሰብሳቢው ይህን የመሰለ ከባድ ጉዳይ ለምን ቀደም ብሎ እንዳልተነገራቸው በቁጣ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ወደ ኋላ ገልጣ አያ ይርጋ ነገሩን ለማንሣት የሞከሩባቸውን ሦስት ቦታዎች አነበበች። አስተያየት መስጠት እንደማይፈቀድላት ተነገራት። ሦስቱንም ጊዜ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፋ ዝም ማለቷም ይመዝገብ።

አቶ እሸቴ ሬሳው አጠገብ የታፈነውን ለቅሶ ትተው የሃምሳ ብሩን ቅጣት አነሡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሞት እንደ ፈቃድ እንዲቆጠር፣ ለወደፊቱ ግን አባላት ፈቃዱን አስቀድመው እንዲጠይቁ ተወሰነ።

ቀጥሎም ሰብሳቢው ይህ አጋጣሚ ክፍያው የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን ለማየት ጥሩ መሆኑን ገልጸው፣ ታሪኩ በባጃጅና በድምፅ ማጉያ ወጥቶ እንዲያውጅ አዘዙ። ንግግሩ ከሳሎኑ ሆኖ ይሰማ ነበር። ታሪኩ ለተከበሩ አድማጮቹ ሰላምታ አቀረበ። ዐበይት ዜናዎችን አስቀደመ። አንደኛው የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ፈንታሁን ዛሬ በተካሄደው ስብሰባ የሥራ አቅጣጫ ማስቀመጣቸው ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ያዡ ለትምህርት ያላቸውን ፍቅር መግለጻቸው ነው። ከዚያ ይህን ዝግጅት ያቀረበላችሁ ብሎ የአጎቱን የሰብሳቢውን የሲሚንቶ መደብር አስተዋወቀ። የአቶ ሞላ ሞት ከአጭር ዕረፍት በኋላ እንደሚቀርብ ተናገረ።

ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ሽፋኑ ከፍተኛ እንደነበር ሪፖርት አቀረበ። ስንት ሰው እንደወጣ ሲጠየቅ ማንም አለመውጣቱን ገለጸ። ሰፈርተኛው የዕድሩን ሰብሳቢ ስም በድምፅ ማጉያ ሲሰማ አዲስ መዋጮ የመጣ መስሎት በሩን ዘግቷል። አንዲት ባልቴት ብቻ ወደ ሌላ ሰፈር እንዲሄድ አምስት ብር ሰጥተውታል። አምስቱ ብር የሚዲያ ዘርፉ የመጀመሪያ ገቢ ሆኖ ተመዝግቧል።

አያ ይርጋ ጥሩምባውን ጠየቁ። አቶ እሸቴ በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት ያለ ሞዴል 22 ወጪ እንደማይሆን አስገነዘቡ። የሞዴል 22 ጥራዝ አዳራሹ ውስጥ፣ የአዳራሹ ቁልፍ ደግሞ ወንዛዬ፣ አቶ ውባንተ ዘንድ መሆኑ ታወቀ። ቁልፉን የሚያመጣ ሰው ነገ እንዲላክ ሐሳብ ቀርቦ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል እትዬ ውዴ ተነሥተው ጥሩምባውን ከጠረጴዛው አነሡት። የአረቄው ጠርሙስ ወደቀ። ያሉት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «እንኩ አያ ይርጋ፣ ይንፉት። ሞዴሉን ሰማይ ቤት ሞላ ይፈርመዋል።»

7፡30 ላይ ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋ። አያ ይርጋም እንዲህ አሉ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጎማ ጠጋኙ ሞላ ዐርፏል! ቀብሩ በዐሥር ሰዓት፣ ሚካኤል!» ዐሥራ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ሳያልቅ ከወፍጮው ማዶ የወርቅነሽ ጩኸት ተሰማ። ሰባት ሰዓት ያህል ታፍኖ የቆየ ጩኸት ነበር፤ ጸሐፊዋ እንዲህ ያለ ሰምታ አታውቅም፤ እዚህ ላይ መስመሩ የተጣመመው እየጻፈች ወደ መስኮቱ ስለተነሣች ነው። የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ። ሰው የቅበላ ሥጋውን ገበታ ላይ ትቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ።

ሕዝቡ በሰብሳቢው ደጅ ሲያልፍ፣ ጎህ ሲቀድ የሞተ ሰው እስከ እኩለ ቀን ለምን እንዳልተነገረለት እየተጠያየቀ ነበር። ሰብሳቢው መጋረጃውን ዘግተው የሚከተለውን በአስቸኳይ አስወሰኑ፦

ጋቢ ሰው ባለመሆኑ ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም። ምልዓተ ጉባኤ ያልተሟላበት ስብሰባ አልተካሄደም። ስለዚህ የአቶ ሞላ ቅጣት፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ የታሪኩ ሹመትና የአያ ይርጋ ስንብት አልነበሩም፤ ያልተሰበሰበ ኮሚቴም መርዶ ሊያዘገይ አይችልም። ጸሐፊዋ ይህን ቃለ ጉባኤ በሰብሳቢው ፊት እንድትቀድ። ውሳኔው በሁለት ድጋፍና በጋቢው ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። እትዬ ውዴ ድንኳን ለማስተከል ሄደው ስለነበር ድምፅ አልሰጡም።

ያልተካሄደው ስብሰባ 7፡50 ላይ ተበተነ። ሰብሳቢው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከለቀስተኛው ፊት ለመቅደም ፈጥነው ወጡ።

ጸሐፊዋ እንደታዘዘችው ዋናውን ቀድዳለች። በማሠልጠኛው ሦስት ወር ከከፈለችበት ትምህርት አንድ ነገር ብቻ አልረሳችም፤ አሠልጣኙ ባትሪ በጠፋ ቀን ሰዓት ለመሙላት ብሎ የነገራቸው ነው፦ ዋናውን ሲቀሙህ ቅጂው ይኑርህ። ከወረቀቱ ሥር ካርቦን ነበረ።

ይህ ቅጂ በአቶ ሞላ ሠልስት፣ ድንኳኑ ሲሞላ፣ ለዕድርተኛው ሁሉ ይነበባል። ዜና አንባቢነት የተማረችው ጸሐፊዋ ራሷ ታነበዋለች። ከንባቡ በፊት ጥሩምባ እንዲነፉ አያ ይርጋን ጠይቃ እሺ ብለዋታል።

ዓይናለም፣ ጸሐፊ