የሚስተር ትሬድዌል መቀስ፦ በኬዛያ ፔንሮዝ

አርታኢ የሚባል ፍጡር የትም አገር አንድ ነው። የሰው ልጅ በሙሉ ወሬ እንደሚያበዛ ያምናል፤ ከሰው ልጅ ውስጥ ግን ራሱን አይቆጥርም። በፊላደልፊያ ብዕር የጨበጠ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ያውቃል፤ ከሩቅ ሲያየውም መንገድ ይቀይራል።

እኔ መንገድ ለመቀየር አልታደልኩም። ደራሲና አርታኢ፣ የ«ቤተሰብ ፋኖስ» ወርኃዊ መጽሔት ባለቤት፣ የሙጫና የወረቀት ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ ሊቀ መቀስ ሚስተር አሳሄል ትሬድዌል ከወጣትነቴ ጀምሮ ጽሑፎቼን ሲከትፉ ኖረዋል።

«ሚስ ፔንሮዝ፣ ከሦስተኛው አንቀጽ ይጀምራል» ይሉኛል፣ ወረቀቱን ገና ከእጄ ሲቀበሉ።

«ኧረ አላነበቡትም እኮ!»

«ምን ማንበብ ያስፈልጋል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጉሮሮ መጥረጊያ ናቸው።»

በወንዛችን በዴላዌር ላይ ጭጋግ ሲነሳ የገለጽኩበት ገጽ እንዲህ ሆኖ ቅርጫት ገባ። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ጭጋግ ነበር። እርሳቸው ግን የፖም ኬካቸውን ጎርሰው፣ ፍርፋሪውን ከተረፈው ጽሑፌ ላይ እፍ ብለው ወደሚቀጥለው ጥፋቴ አለፉ።

«ይህቺን እናት ለምን ገደሏት?»

«ታምማ ነዋ!»

«ይሄ የጥር እትም ነው። አንባቢዎቻችን በጥር ሞት አይወዱም። እስከ መጋቢት ትቆይልን።»

ሴትዮዋ ዳነች። መጋቢት ሲደርስ ደግሞ «ለፀደይ የሚያምረው ሠርግ ነው» ብለው ዳሯት። ባሏ በሕይወት እንዳለ ያስታወሰን የማተሚያ ክፍሉ አለቃ ሚስተር ጋሪጋን ነው፤ ያኔም ቢሆን ሚስተር ትሬድዌል የተቆጡት ባልየውን ነበር።

ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የስሜን ነገር ነው። ከጽሑፎቼ ግርጌ የሚወጣው «በአንዲት እመቤት» የሚል ብቻ ነው። እናቴ ለጎረቤቶቿ «እመቤቲቱ እኮ የኔ ልጅ ናት» ብላ ትምላለች፤ እነሱም «አዎ፣ አዎ» እያሉ ይጠቃቀሳሉ። ስሜን እንዲያወጡልኝ በለመንኳቸው ቁጥር መልሳቸው «በሚቀጥለው እትም» ነው። ለነገሩ ስም ቢወጣም ዕድሜ የለውም። የአገራችን አርታኢዎች መጽሔቶቻቸውን በፖስታ ይለዋወጣሉ፤ ያማራቸውን ቆርጠው መልሰው ያትማሉ፤ መቀሳቸው የሚያርፈው ደግሞ ሁልጊዜ ከግርጌ ካለው የደራሲው ስም በላይ ነው። ሊቀ መቀሳችን በዚህ ሙያ የሚያህላቸው የለም።

ዘንድሮ ለጥቅምት እትም «የጀልባ ቀዛፊው ልጅ» የሚለውን ታሪኬን ከነስሜ ሊያወጡልኝ ቃል ገቡ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ አወጀች። ለማተሚያው ፊደሉ ሲለቀም በዓይኔ ልይ ብዬ ቢሮአቸው ስደርስ፣ ከኦሃዮ የመጣ ጋዜጣ ይዘው አገኘኋቸው።

«የእርስዎ ለኅዳር ይደር። ዕንቁ አገኘሁ! የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ስም የለውም» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። እናቴን ምን ልላት ነው? እርሳቸው ግን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ታሪኩ፣ ልጁ ዓሣ ነባሪ ለማደን ወጥቶ ስለቀረበት፣ ይመለሳል ብሎ የልጁን ሰዓት በየማለዳው ስለሚሞላ ሽማግሌ ነው።

«ግሩም ነው! ግን ይህን የጻፈ ሰው ደህና አርታኢ አላገኘም» አሉና መቀሳቸውን አነሱ። ሁለት አንቀጽ ወደቀ። ቀጥሎ የባሕሩ ማዕበል ተከተለ። እኔ ግን ንዴቴን ረስቼ ወደ ጠረጴዛቸው ተጠጋሁ።

«ሚስተር ትሬድዌል፣ ይሄ እኮ የራስዎ ነው።»

«የኔ? እኔ እንዲህ አልንዛዛም!»

ጋዜጣውን ሳላይ መጨረሻውን በቃሌ ወጣሁላቸው። እርሳቸው በወጣትነታቸው ካሳተሙት፣ ዛሬ ማንም ከማያስታውሰው አንድ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ደጋግማ ታነብልኝ ነበር፤ የመጀመሪያ ጽሑፌን ለእርሳቸው ያመጣሁትም በእሱ ምክንያት ነው። ታሪኩ ከመቀስ ወደ መቀስ ሲሸጋገር ርዕሱም የሽማግሌውም ስም ተቀይሮ፣ አባቱ የማያውቀው ሆኖ ተመለሰ።

ሚስተር ትሬድዌል ቁጭ አሉ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እንደገና አነበቡት።

«ስሜን ቆረጡት» አሉ ቀስ ብለው። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ አንጀቴን በሉኝ።

ሚስተር ጋሪጋን በበሩ ብቅ አለ። «ጌታዬ፣ ፊደል ለቃሚዎቼ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። የሚለቀመው የሽማግሌው ታሪክ ነው የሚስ ፔንሮዝ?»

አሁን ስማቸውን በትልልቁ ጽፈው የራሳቸውን ያሳትማሉ ብዬ ተስፋዬን ቆረጥኩ። ማን ይፈርድባቸዋል?

«የኔው ቢሆንም» አሉ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «ከሦስተኛው አንቀጽ መጀመር ነበረበት።» ቁራጩን ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። «የሚስ ፔንሮዝን ልቀሙ። ስማቸውን ከርዕሱ ጋር በአንድ መስመር አድርጉት፣ ጋሪጋን። ግርጌ ላይ ከሆነ ሌባ ሁሉ ይቆርጠዋል!»

ሌባ ሲሉ መቀሱ አሁንም በእጃቸው ነበር።

ታሪኬ ከሦስተኛው አንቀጽ ጀምሮ ወጣ። እናቴ እትሙን ታቅፋ ሰፈሩን አዳረሰች። ከቅርጫቱ ያወጣሁት የሽማግሌው ታሪክም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ የተቆረጡትን ሁለቱን አንቀጾችና ማዕበሉን በሙጫ መልሼ አጣብቄያቸዋለሁ።

ይህንንም ጽሑፍ ነገ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንቀጾች ሳያነቡ እንደሚጥሏቸው ስለማውቅ፣ ያን ሁሉ የማዕረግ ስማቸውን እዚያ ደርድሬዋለሁ፤ ቆርጠው ይጣሉት፣ የእጃቸውን ያግኙ። መቀስዎ ደርሶበት የማያውቀው መጨረሻው ነው፣ ሚስተር ትሬድዌል፤ እንደ አባቴ እንደምወድዎ እዚህ ጽፌዋለሁ።