አንድ ክር ወደ ግራ

ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ሁሉ ልብሱን ከገመድ ላይ ለመሰብሰብ ይሯሯጣል። በየግቢው ግን መሰላል ተሸክሞ ወደ ጣራ የሚገሰግስ አንድ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ግቢ ካጋጠማችሁ፣ እዚያ ግቢ ቴሌቪዥን የለም ማለት ነው።

የኛ ግቢ ክቡር የጣራ ሚኒስትር ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጋሽ ኢንጂነር እንላቸዋለን። ስሙ የወጣላቸው ለፌዝ ነበር፤ አሁን እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም።

ስምንት ቤተሰብ ነን፤ ስምንቱም ዲሾች አንድ ጣራ ላይ ናቸው። ደመና ሲያዩ ጋሽ ኢንጂነር ብሎን ያጠብቃሉ፣ እግሮቹን በሽቦ ይጠፍራሉ፣ የኬብሉን መገጣጠሚያ ውሃ እንዳይገባበት በፌስታል ይጠቀልላሉ። ዲሹ ፊት ተንጠልጥላ ሲግናል የምትቀበለዋን ዕቃ «ዐይን» ይሏታል፤ እሷንም እንደ ሕፃን ያለብሷታል። የእያንዳንዱ ዲሽ ትክክለኛ አቅጣጫ ምሰሶው ላይ ተሰምሯል። ድሮ የሚያሰምሩት በልብስ ሰፊ ጠመኔ ነበር፤ ዝናብ ሲያጥብባቸው የሚስታቸውን ቀይ የጥፍር ቀለም ወሰዱ። «እኔ ለሠርግ ያልተቀባሁትን ጣራው ተኳለበት» ይላሉ እትዬ።

መለኪያቸውም የስፌት ነው። ዲግሪ ምናምን አያውቁም። «አንድ ክር ወደ ግራ! ግማሽ ክር መልስ!» ይላሉ ለራሳቸው። ከዚያ «መጣ?» ብለው ይጮኻሉ፣ ከየቤቱ «መጣ!»፣ «ኧረ ሄደ!» ይባላል። ነጎድጓድ ካለ ግን ንቅንቅ አይሉም። «መብረቅ እያለ ጣራ የሚወጣ ሰው ዲሽ ምን ይሠራለታል? በቀጥታ ወደ ሰማይ ሊሄድ ነው እኮ!»

እኔን የሚያበሳጨኝ ምርመራቸው ነበር። እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናት፤ የሷ ዓለም ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጀምረው ድራማ ነው። ልክ በዘጠኝ ሰዓት ጋሽ ኢንጂነር ከነሚስታቸው ከች ይላሉ። «ሲግናሉ እንዴት ዋለ?» ብለው ቁጭ። ምርመራው የሚያልቀው ድራማው ሲያልቅ ነው።

«የራሳቸውን ዲሽ አይመረምሩም?» አልኳት እናቴን አንድ ቀን።

«ዝም በል! ሰውዬው ሥራቸው ነው» አለችኝ።

ባለፈው ክረምት ጉልበታቸው ከዳቸው። እትዬ መሰላሉን በሰንሰለት ቆለፉና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ነጎድጓድና ነፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ መጥቶ የመታን ደግሞ ድራማው የሚያልቅበት ቀን ነው፤ ያቺ የድራማው ምስኪን ልጅ የጠፋ ወንድሟን ታገኘው እንደሆነ ወይም ትቀር እንደሆነ የሚታወቅበት ቀን። እናቴ ይህን ስትጠብቅ አሥራ አንድ ወሯ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነጎድጓዱ ቢያልፍም ዝናቡ አላቆመም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ዲሽ አስተካካዩ ጋ ደወልኩ። «የሰፈሩ ዲሽ በሙሉ ወድቋል ወንድሜ፣ የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ» አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንጀቴን በላችው።

እንደ ልማዳቸው ከባላቸው ጋር የመጡት እትዬ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁና እጄ ላይ አደረጉት። «አንተ ውጣ። እሱ ከወጣ ግን እኔም ተከትዬው እወጣለሁ።»

ወጣሁ። ጋሽ ኢንጂነር ጃንጥላ ይዘው ደጃችን ላይ ቆሙ፤ አንዴ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ አንዴ ወደ እኔ ይገላመጣሉ። ያገኘሁትን ዲሽ ይዤ ማዞር ጀመርኩ።

«ኧረ ሄደብኝ!» ብላ ጎረቤታችን ነርሷ ከቤቷ ጮኸች።

«የሷን ነው የያዝከው፣ አንተ ጉድ! መስመሩ ላይ መልሰህ ወዲያ እለፍ! የናንተ ሦስተኛው ነው!» አሉ ጋሽ ኢንጂነር።

ወዲያ ሳልፍ ጥግ ላይ አንድ ዲሽ አየሁ። ዐይን የለውም። የኬብሉ ጫፍ ብቻ በፌስታል ተጠቅልሎ በክር ታስሯል፤ አስተሳሰሩ የልብስ ሰፊ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ዐይን የሌለው የማነው?»

ጋሽ ኢንጂነር ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ጋረዱ።

«እሱን ተወው! ሰዓቱ እየሄደ ነው! አንድ ክር ወደ ግራ!»

ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የኛ ዐይን ተቃጥላ ነበር። «ትርፍ አለኝ» ብለው ወዲያው ሌላ ገጠሙልን። ለካ ትርፏ የራሳቸው ኖራለች! እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ከንፈሬን ስነክስባቸው። አፈርኩ፤ እዚያው ጣራ ላይ ፊቴ ጋለ።

ዲሻችንን ቀዩ መስመር ላይ መለስኩትና ግማሽ ክር ጨመርኩ። «መጣ?» ብዬ ጮኽኩ። ዜማው ቁርጥ የሳቸው ነበር።

«መጣ!» አሉ እናቴና ባልና ሚስቱ ሦስቱም ከታች። የእናቴ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

በስብሼ ስገባ ዞሮ ያየኝ የለም። ልጅቷ ወንድሟን አገኘች፤ ሦስቱም ተላቀሱ። ጋሽ ኢንጂነር ዓይናቸውን ጠራርገው «ሲግናሉ ትንሽ ይቀረዋል» አሉ። «ነገ አዲስ ድራማ ይጀምራል አሉ፣ መጥቼ ማየት አለብኝ።»

በማግስቱ ዐይን ገዝቼ እንደምገጥምላቸው ለእናቴ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ማን ላከህ?» አለችኝ። «ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ።»

ዐይኗ ተገዝታ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጣለች፤ የዘጠኝ ሰዓቱ ምርመራም እንደቀጠለ ነው። ክረምቱ ከወጣ ሦስት ወር ሆነው።