የድሮ ክረምት ጠበቃ

የድሮን ክረምት የሚያወድስ ሽማግሌ በእናንተ ሰፈር የለም? ደባርቅ ላይ ሞልቷል። እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ ግን እንደ ጎረቤቴ እንደ አያ ታከለ የጸና ጠበቃ አላየሁም። በእርሳቸው ጉርምስና ዝናብ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። የዛሬው የሚቋረጠው ወጣቱ ስለባለገ ነው።

ገብሳቸው አምናም ካቻምናም ሳያፈራ ደረቀ። ልጃቸው የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ልቆፍር ብሎ ቢለምን፣ "ክረምቱ ይመለሳል፤ መሬቴን አታበላሽብኝ!" አሉት።

ታዲያ አንዲት ተመራማሪ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከዋሻ የወጣ ድንጋይ ይዛ መጣች። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ከሥር የቆለለው ነው አሉ። በመጋዝ ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው።

"ወፍራሙ ንብርብር ዝናብ የበዛበት፣ ቀጭኑ ያነሰበት ዘመን ነው" አለች። "በእርስዎም ጉርምስና ክረምቱ ቶሎ የወጣባቸው ዓመታት ነበሩ፣ አባቴ።"

አያ ታከለ ተነሡ። ሽምግልና የለመደ ሰው ምስክር ሳይመረምር ይቀመጣል እንዴ?

"ይኸ ድንጋይ ያኔ የት ነበር?"

"ዋሻ ውስጥ።"

"እኔ ሜዳ ላይ በዝናብ ስበሰብስ እርሱ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል! ታዲያ ስለ ዝናብ ማን ይመስክር? ለመሆኑስ ምሏል?"

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ተመራማሪዋም አብራ ሳቀች። ልጃቸው ግን አልሳቀም።

"አባዬ፣ እንግዲያ ጉድጓዱን እንቆፍርና በክረምት ሞልቶ ይፍሰስ። ያን ጊዜ ድንጋዩ ይፈር" አለ።

አያ ታከለ ድንጋዩን ገላመጡት።

"አስፍተህ ቆፍር!" አሉ። "በትንሽ ጉድጓድማ ሞላ ቢሉት፣ ይኸ ግትር መች ያምናል?"