በዓሦች ለይቶ ማቆያ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ባሕሩ ከተማ ሆኖ፣ ዓሦች ጎዳናውን ሞልተውት፣ እኛ ሰዎች ደግሞ በመስታወት ቤት ውስጥ ለጌጥ ተቀምጠን አየሁ። ዓሦቹ ከሥራ ሲመለሱ ፊታችን ቆመው ድካማቸውን ያሳርፋሉ። ስናዛጋ ይደሰታሉ፤ ስንጣላ ይጠራራሉ።

እኔን ከገበያ ገዝተው አመጡኝ። ባለቤቴ ይርገዱ ቀድማኝ ገብታ ነበር፤ በትልቁ መስታወት ውስጥ ከጤነኞቹ ጋር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እኔ ግን አዲስ መጤ ስለሆንሁ ወደ እርሷ አላስገቡኝም። ወለሉ ባዶ ከሆነ፣ አንድ ሰፊ ቧንቧ ብቻ ከተጋደመበት ትንሽ መስታወት ውስጥ ለብቻዬ አኖሩኝ።

ሐኪሟ ቢጫ ዓሣ ነበረች። ክንፏን አጣጥፋ ተመለከተችኝ።

«ቧንቧው ለምንድን ነው?» አልኋት።

«ስትፈራ የምትደበቅበት ነው፣ ማሙሽ።»

«ሽበቴን አታዪምን?»

«እኔ የማየው ነጥብህን ነው። አንገትህ ላይ ነጭ ነጥብ ወጥቷል፤ ተውሳክ ነው። ከሌሎቹ ጋር ብትቀላቀል ሁሉንም ይፈጃል፤ ያቺን ፈታይ ሴትዮም ጭምር።»

ሕክምናው ወዲያው ተጀመረ። ከምግቤ ጨው በጥቂት በጥቂቱ ተቀነሰ፤ በመጨረሻም አልጫው ጭራሽ ጨው አልባ ሆነ። ይህ አላስጨነቀኝም፤ ሰውነቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም የለመደ ነው። ቀጥለው በመረብ አንሥተው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከሩኝ።

«ጠበል ነው?» አልሁ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ።

«ጨው የሌለው ውኃ ነው። ተውሳኩ እዚህ ውስጥ ይፈነዳል።»

«እኔስ?»

«አንተማ እስካሁን አልፈነዳህም» አለችኝ።

አንዲት እናት ዓሣ ልጇን አስከትላ ልትጎበኘን መጣች።

«እማዬ፣ ይሄኛው ለምን ብቻውን ሆነ?»

«ታሞ ነው። መስታወቱን አትንካ።»

«ታዲያ ለምን ያቺን ሴትዮ ብቻ ያያል?»

እናትየው ክንፉን ይዛ ጎትታ ወሰደችው። ልጁ እውነቱን ነበር። አፌን፣ እጄንና እግሬን ማስጾም ችዬ፣ ዓይኔን ማስጾም አቃተኝ። ይርገዱ እንዝርቷን ስታሾር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ታንጎራጉራለች ማለት ነው። ድምፁ ሁለት መስታወት ተሻግሮ ስለማይደርሰኝ፣ ዜማውን ከከንፈሯ ለማወቅ ስጣጣር እውላለሁ።

በኋላ ነጥቡ ጠፋ። ይርገዱ አየችኝና መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ጮኸች፤ ጩኸቷ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ ደረሰኝ።

«አንተ ሰውዬ! ድነሃል እኮ! ምን ይጎልትሃል? ና እንጂ!»

ሐኪሟን ለመንኋት።

«ነጥቡ ጠፋ ማለት ዳንህ ማለት አይደለም» አለችኝ። «ተውሳኩ ከገላህ ወርዶ ወለሉ ላይ ይራባል፤ ተመልሶም ይወጣብሃል። ታገሥ።»

ታገሥሁ። ወለሉን ደጋግመው አጠቡት፤ እኔንም ደጋግመው ነከሩኝ። በመጨረሻ ሐኪሟ አገላብጣ አይታኝ «ንጹሕ ነህ» አለችና በመረቡ አነሣችኝ።

ከትልቁ መስታወት አፍ ስደርስ ድምጿን ሰማሁ። የምታንጎራጉረው የሠርጋችንን ዘፈን ነበር። ይርገዱ ተነሥታ እጇን ዘረጋችልኝ። የእኔን ልሰጣት ስዘረጋ እጅጌዬ ተሰበሰበ፤ የእጄ አንጓ ላይም አንዲት ነጭ ነጥብ አየሁ። ከእኔ በቀር ያያት አልነበረም። እጅጌዬን ጎትቼ ሸፈንኋት።

«ምን ሆንክ? ያዘኝ እንጂ!» አለች ይርገዱ።

ጣቷ ሊነካኝ ምንም ያህል አልቀረውም። የጥጡ ሽታ ሳይቀር ደረሰኝ።

«ነጥብ አለብኝ! መልሱኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

መረቡ ወደ ኋላ ተመለሰ። የይርገዱ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ነቃሁ። ነግቷል። አልጋው በእርሷ ወገን ቀዝቃዛ ነበር። ያን ጊዜ ድምጿ ከሳሎን መጣ፤ እንዲህ ለስልሶ ከሰማሁት ዘመን አልፏል።

«እንዴት አደርክ፣ የኔ ጌታ? ዛሬስ ተሻለህ?»

ልቤ ሞላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ተሽሎኛል፣ ይርገዱዬ!» አልሁ ከአልጋዬ ሳልወርድ።

ሰሞኑን ነጥብ የወጣበትን የባሕር ዓሣዋን በትንሽ መስታወት ለብቻው ካገለለች ወዲህ፣ ፍራሿን ወስዳ አጠገቡ ነው የምትተኛው።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። «ደግሞ አትጩህ፤ ይደነግጥብኛል።»