ላስታ ላይ የባሕር ሸራ

ስጦታ ሁሉ በደግነት የሚሰጥ አይምሰላችሁ። አንዳንዱን ሰው የሚሰጣችሁ ራሱ መሸከም ሲያቅተው ነው። ባለቤቴ ሲሳይ ላሊበላ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ነው። በቀደም አንዱ ፈረንጅ ሻንጣዬ ከበደኝ ብሎ የባሕር ሸራውን ሰጥቶት ሄደ።

በነሱ አገር ሰው ይህን ሸራ በገመድ ከወገቡ አስሮ ሳንቃ ላይ ይቆማል አሉ። ነፋሱ ሸራውን፣ ሸራው ሰውየውን እየጎተተ ውሃ ላይ ያንሸራትተዋል። ደግ። ላስታ ውስጥ ባሕሩ የት አለ? ይህን ብጠይቀው ሲሳይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ነፋሱ አለን እኮ!» ነፋሱማ አለን። ገደሉም አለን።

ሸራው ሙያ የለውም አልልም፤ ሐሰት ኃጢአት ነው። ሲዘረጋ ቤታችንን ሸፍኖ ይተርፋል፤ ሲታጠፍ ግን ከልጄ ይቀላል። ዝናብ አያስገባም። ገመዱ እንደ ክር ቢቀጥንም በሬ አይበጥሰውም፤ እርጥብ ጋቢ አስጥቼበት አይቻለሁ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ነፋስ ሲያገኝ ማንን እንዳንጠለጠለ አያውቅም። በቅሎ እንኳ ልጓም ሲይዟት ትቆማለች። ይሄ በምን ይቆማል? ፈረንጁ ቢወድቅ ይርሳል። የኛ ሰው የሚወድቀው ድንጋይ ላይ ነው።

«ተው፣ የሰባት ወር ልጅ አለችህ» አልኩት። እሺ አለኝ። የወንድ እሺ! ቅዳሜ ልጄን አዝዬ ከገበያ ስመለስ ከሰፈራችን በላይ ካለው ሜዳ ጩኸት ሰማሁ። ቀና ብል ቀይ ሸራ ሰማይ ላይ ቆሟል። ከሥሩ የኔው ጌታ፣ የልጄ አባት፣ አንዴ መሬት አንዴ አየር እየረገጠ ወደ ገደሉ አፋፍ ይጋልባል። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። በሬስ ሣር አይቶ ነው። የኔው ምን አይቶ ነው?

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አፋፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነፋሱ ደከመና ሲሳይ ቁልቋል ውስጥ ቁጭ አለ። ባይደክም ኖሮ ይህን የምጽፈው ጥቁር ለብሼ ነበር። እሾሁን ስነቅልለት «አየሽኝ?» አይለኝም መሰላችሁ!

ሸራውን ጠቅልዬ ጎታ ውስጥ ከተትኩት። «ምለህ ካልተውከው አቃጥለዋለሁ» አልኩት። አልምልም አለ። ልጄን አዝዬ ወደ እናቴ ቤት ልሄድ ስነሣ ሽማግሌ ላከብኝ።

እሑድ ሦስት ሽማግሎች መጡ። ሲሳይን እንደ ልጅ ገሠጹልኝ። አንደኛው «ክንፍ ካማረህ ዶሮ ሆነህ አትወለድም ነበር?» ሲሉት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሲሳይም አንገቱን ደፍቶ ዳግመኛ ላይነካው ማለ። በቃ፣ ልጄ አባት አላት አልኩና እፎይ አልኩ።

«እስቲ ጉደኛውን አምጪውና ይታይ» አሉኝ የሁሉም ታላቅ አያ መንገሻ። አመጣሁ። ጨርቁን ዳበሱት፤ ገመዱን ሳቡት፤ የወገብ ማሰሪያውን አገላብጠው አዩት። ፍርዱ ማቃጠል ነው ብዬ ክብሪት ላቀርብ ስነሣ «ቆይ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሸራው ምን አደረገ? ጥፋቱ የሲሳይ ነው። ይህን የሚያህል ሥጋ ማን ይሸከመዋል?»

ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ለሲሳይ አስያዙትና «ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት ነው አይደል?» አሉ።