«ዴሊኬት ማተር» እና የእትዬ አሰገደች ባቄላ

በእኛ አገር ጠብ ባለቤት አለው። የድንበር ጠብ ካላችሁ ድንበር የገፋ ሰው አለ፤ የውርስ ክርክር ካላችሁ የወንድሙን ድርሻ የበላ አለ። አሁን አሁን ግን ሁለት ሁለት ሆነው የተጠመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ከአዲስ አበባ መጡብን፤ «ሴንሲቲቭ ኢሹ»፣ «በርኒንግ ኩዌስችን»፣ «ዴሊኬት ማተር»። እንደ በሬ ተጠምደዋል እንዳልል በሬስ ያርሳል! እነዚህ ቃላት ሲመጡ በዳይም ተበዳይም ከመሃል ይጠፉና ጥፋቱ የነገሩ የራሱ ይሆናል። ነገሩ ስስ ነው፣ ነገሩ ያቃጥላል ይሏችኋል። ማን አቃጠለው? እሱን አትጠይቁ።

የምናገረው አንጀቴ አርሮ ነው። አንኮበር እንግሊዝኛ ሳስተምር ጎረቤቴ እትዬ አሰገደች በቦይ ውሃ የበጋ ባቄላ ዘርተው ነበር። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ የልጆቻቸው ጉሮሮ የተንጠለጠለው በዚያች ማሳ ላይ ነው። ባቄላው አበባ እንደያዘ ከላይ የሚያርሱት ባላምባራስ ተሰማ ቦዩን ወደ ራሳቸው ማሳ ቀለበሱት። እትዬ አሰገደች የወረዳው ምክትል ገዥ ዘንድ ሄደው አቤት አሉ። እሱም ከረባቱ የማይላላ፣ የተማረ ወጣት ነውና «ዴሊኬት ማተር ነው፤ ይጠና» አላቸው። ተመላለሱ። መልሱ ያው ነው።

«አንተ ልጅ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለህ? ምን ማለቱ ነው?» አሉኝ።

«በጥንቃቄ የሚነካ ጉዳይ ማለት ነው።»

«ታዲያ እኔ መቼ ጉዳይ ንካልኝ አልኩት? ቦዩን ንካልኝ ነው ያልኩት!»

በገበያ ቀን እትዬ አሰገደች ባላምባራስን መንገድ ላይ አገኟቸው። «በሕግ አምላክ!» ብለው አቆሟቸውና የነጠላቸውን ጫፍ ከባላምባራስ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። የጥንቱ ደንብ እንዲህ ነበር፤ የተቆራኙ ባለጋራዎች መንገደኛ አስቁመው ያስፈርዳሉ፣ ሳይፈረድ ቋጠሮው አይፈታም። ደንቡ ቀርቷል ይባላል። ግን በሕግ አምላክ ተብሎ ፈትቶ የሄደ ሰው በአገሩ በምን ፊቱ ይኖራል? ታዲያ መጀመሪያ ብቅ ያለው መንገደኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ምክትል ገዥው!

ገበያተኛው ከበበው። ከረባቱን ነካ ነካ አድርጎ «መቼም ይሄ ዴሊኬት ማተር...» ብሎ ሲጀምር ባላምባራስ ጮኹበት።

«ኧረ ምኑ ነው የሚጠናው? ከሴትዮዋ ጋር እንደታሰርኩ ልደር ነው? ፍረድ እንጂ አንተ ሰው!»

በዳይ ፍርድ ሲለምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። ምክትል ገዥውም እዚያው ፈረደ፤ ውሃው በተራ ይሁን፣ ቦዩ ዛሬውኑ ይከፈት። ያ ሁሉ ሲጠና የከረመ ነገር ቋጠሮ እስኪፈታ አለቀ።

ውሃው ወረደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ባቄላው ደርቆ ነበር። እትዬ አሰገደች የደረቀውን እየነቀሉ ለማገዶ ሲከምሩ ምክትል ገዥው በበቅሎ አለፈ።

«ጌታዬ፣ ይሄስ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አልኩት።

ባርኔጣውን አንስቶልኝ መንገዱን ቀጠለ። እትዬ አሰገደች ቀና እንኳ አላሉም።

«ተወው ልጄ» አሉኝ፤ «የደረቀ ባቄላ ማንን ያጨቃጭቃል ብለህ ነው ስም የሚያወጡለት?»